ስድስቱ ባይቶች፦ የማክ አድራሻ ከፍላሽ ሜሞሪ ስለሚነበብበት ሥርዓት
በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር




በመገናኛ መረብ ላይ የሚሰካ ማናቸውም መሣሪያ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚታወቅበት አንድ ቁጥር ያስፈልገዋል። ይህ ቁጥር ርዝመቱ 6 ባይት፣ ማለትም 48 ቢት ሲሆን፣ በሙያው ዘንድ የማክ አድራሻ ተብሎ ይጠራል። በዛሬው የሜሞሪ ስፋት ሲመዘን 6 ባይት ከቁጥር የሚገባ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ እነዚህ 6 ባይቶች በጠፉ ወይም በተሳሳቱ ጊዜ፣ ሌላው አካሉ ሁሉ ደኅና የሆነ መሣሪያ በመረቡ ላይ እንደሌለ ይቆጠራል፤ አንዳንዴም ከዚያ በከፋ ሁኔታ የጎረቤቱን ሥራ ያውካል። የዚህ ንግግር ዓላማ አድራሻው በአነስተኛ መሣሪያዎች ውስጥ ከፍላሽ ሜሞሪ እንዴት እንደሚነበብ፣ በዚህ መንገድ ላይም የት የት ስሕተት እንደሚያደባ ማሳየት ነው። ነገሩ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ብቻ ጉዳይ ይመስላል። አይደለም፤ ቦርዱን የሚነድፈው፣ በፋብሪካ የሚፈትነው፣ በመጨረሻም በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው መሐንዲስ ሁሉ ድርሻ አለበት።

አድራሻው ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያዎቹ 3 ባይቶች አምራቹን ድርጅት የሚያመለክቱ ሲሆኑ፣ እነዚህን በመዝገብ የሚያድለው አይ ትሪፕል ኢ በሚል ስም የታወቀው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋም ነው። የቀሩትን 3 ባይቶች አምራቹ ራሱ ለእያንዳንዱ ዕቃ ይሰጣል። በኢትዮጵያ ልማድ ሰው በራሱና በአባቱ ስም እንደሚጠራ ሁሉ መሣሪያውም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የአባት ስም ቀድሞ የራስ ስም መከተሉ ብቻ ነው። በአንድ የአባት ስም ሥር 16,777,216 ልጆች ሊጠሩ ይችላሉ። ከመጀመሪያው ባይት ውስጥ ግን ሁለቱ ዝቅተኛ ቢቶች የተለየ ሥራ አላቸው። ዝቅተኛው ቢት 1 ከሆነ አድራሻው የአንድ መሣሪያ ሳይሆን የቡድን ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ቢት 1 ከሆነ ደግሞ አድራሻው ከዓለም መዝገብ የተገኘ ሳይሆን እዚያው በአካባቢው የወጣ ነው፤ ይህኛው የቤት ስም ሊባል ይችላል። የቤት ስም በቤት ውስጥ ያገለግላል፤ በመታወቂያ ወረቀት ላይ ግን አይጻፍም። እነዚህ ሁለት ቢቶች ኋላ ስለሚያስፈልጉ ከወዲሁ ልብ ማለት ይጠቅማል።

ሥርዓቱ ሲወለድም እንዲህ አልነበረም። ሮበርት ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማእከል የሠሩት የመጀመሪያው ኢተርኔት የአድራሻው ርዝመት 8 ቢት ብቻ ነበር። በ8 ቢት ከ256 በላይ መለየት አይቻልም፤ ለአንድ ሕንፃ ይበቃል፣ ለዓለም ግን አይበቃም። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት፣ ኢንቴልና ዜሮክስ እ.ኤ.አ. በ1980 በአንድነት ያወጡት ደንብ ርዝመቱን ወደ 48 ቢት አሳደገው። ዮገን ዳላልና ሮበርት ፕሪንቲስ በሚቀጥለው ዓመት ባቀረቡት ጽሑፍ ምክንያቱን አብራርተዋል፤ ይኸውም ቁጥሩ መሣሪያው ከተሰካበት ገመድ ጋር ሳይሆን ከራሱ ከመሣሪያው ጋር የሚሄድ፣ ወዴትም ቢዛወር የማይለወጥ እንዲሆን ነው። እንግዲህ ቁጥሩ ከዕቃው ጋር የሚሄድ ከሆነ በዕቃው ላይ አንድ ቦታ መጻፍ አለበት። የት?

በግል ኮምፒዩተሮች ዘመን መልሱ ቀላል ነበር። የመረብ ካርዱ ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ ስለ ነበረ፣ አንዲት ትንሽ የማትጠፋ ሜሞሪ በላዩ ትለጠፍና ካርዱን የሠራው ድርጅት አድራሻውን ይጽፍባት ነበር። ካርድና ስም አይለያዩም ነበር። በአነስተኛ መሣሪያዎች፣ ማለት በራውተር፣ በኤሌክትሪክ ቆጣሪ፣ በበር መቆጣጠሪያ፣ በጥበቃ ካሜራ ውስጥ ግን ካርድ የሚባል ነገር የለም። የኢተርኔቱ ክፍል በዋናው ቺፕ ሆድ ውስጥ ገብቷል። ቺፑን የሚሠራው አንድ ድርጅት፣ ቦርዱን የሚሠራው ሌላ፣ በሳጥን አድርጎ በስሙ የሚሸጠው ደግሞ ሌላ ነው። ለአንዲት ተጨማሪ ሜሞሪ የሚወጣው ገንዘብ በአንድ ሳጥን ጥቂት ቢሆንም፣ በመቶ ሺሕ ሲባዛ የሒሳብ ሹሙን ያሳስባል። በቦርዱ ላይ ግን ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ፍላሽ ሜሞሪ አስቀድሞ አለ። ከዚያ ሁሉ ስፋት መካከል ለ6 ባይት ቦታ አይታጣም ተባለና አድራሻው ከፕሮግራሙ ጋር ደባል ሆኖ ገባ። ችግሩ ሁሉ የተወለደው ከዚህ ደባልነት ነው።

ፍላሽ ሜሞሪ በእርሳስ እንደሚጻፍበት ወረቀት አይደለም። ባዶ ሲሆን ቢቶቹ ሁሉ 1 ናቸው፤ መጻፍ ማለት 1ን ወደ 0 መለወጥ ነው። 0ን ወደ 1 ለመመለስ ግን አንዱን ቢት ለይቶ መንካት አይቻልም፤ መላው ሴክተር መደምሰስ አለበት። ኖር በተባለው የፍላሽ ዓይነት የተለመደው የሴክተር መጠን 4,096 ወይም 65,536 ባይት ነው። ስለዚህ 6 ባይት ለማረም የተነሣ ፕሮግራም የሴክተሩን ይዘት ሁሉ ወደ ራም ገልብጦ፣ ሴክተሩን ደምስሶ፣ እንደገና መጻፍ ይኖርበታል። በዚህ መካከል መብራት ቢጠፋ አድራሻውም ሆነ በዚያው ሴክተር የነበረው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ከዚህ የሚወጣው የንድፍ ደንብ ግልጽ ነው፤ በየጊዜው የሚለወጥና ፈጽሞ የማይለወጥ ነገር በአንድ ሴክተር ውስጥ መኖር የለባቸውም። ደንቡ ግልጽ ይሁን እንጂ ተጠብቆ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ለማስረዳት ያህል ቲኤል ደብልዩ አር 841 ኤን የተባለውን የቲፒ ሊንክ ራውተር መመልከት ይቻላል። በ8ኛውና በ9ኛው እትሙ የፍላሹ መጠን 4 ሜጋባይት ነው። የመጀመሪያው 131,072 ባይት የቡትሎደሩ፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያስነሣው የመጀመሪያ ፕሮግራም ድርሻ ነው። የመጨረሻው 65,536 ባይት የሬዲዮውን የልኬት መዝገብ ይይዛል፤ ይህ መዝገብ እያንዳንዱ ሳጥን በፋብሪካ ለየብቻው ሲለካ የተገኘ ውጤት ነው። በመካከል ያለው ሰፊ ቦታ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተትቷል። የማክ አድራሻው የሚገኘው በቡትሎደሩ ክፍል ውስጥ ከመጀመሪያው 130,048 ባይት ርቆ፣ ማለትም ክፍሉ ሊያልቅ 1,024 ባይት ሲቀረው ነው። በዚያ ስፍራ የሥርዓት ፋይል የለም፤ ማውጫ የለም፤ «አድራሻ እዚህ አለ» የሚል ምልክትም የለም። መኖሩን የሚያውቀው የሚያውቅ ብቻ ነው።

የተለመደው የፕሮግራም እድሳት የሚነካው መካከለኛውን ክፍል ብቻ ስለሆነ አድራሻው በሰላም ይኖራል። ነገር ግን አንድ ሰው ቡትሎደሩን በሌላ ለመተካት ፈልጎ ሙሉውን 131,072 ባይት ቢጽፍ፣ አዲሱ ፋይል በዚያ ስፍራ ባዶ ከሆነ የመሣሪያው ስም ጠፋ ማለት ነው። ከዚህ የባሰውም አለ። የተበላሸ ሳጥን ለመጠገን ሲባል የፍላሹ ቺፕ ተነቅሎ፣ ከሌላ ደኅና ሳጥን የተቀዳ ሙሉ ቅጂ የተጻፈበት እንደሆነ፣ ሳጥኑ ነፍስ ይዘራል፤ ጠጋኙም ይደሰታል። ሆኖም የተነሣው በሌላ ሰው ስምና በሌላ ሬዲዮ ልኬት ነው። ስሙን ከሳጥኑ ሥር ከተለጠፈው ወረቀት አንብቦ መመለስ ይቻላል። የሬዲዮው ልኬት ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ አልተጻፈም።

አሁን ወደ ድራይቨሩ እንለፍ። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የመረቡ ድራይቨር ሲነሣ ስለ ቦርዱ አሠራር የሚጠይቀው ዲቫይስ ትሪ የተባለውን መግለጫ ነው። አድራሻውንም በተወሰነ ተራ ይፈልጋል። በመጀመሪያ «ማክ-አድሬስ» የተባለውን ቃል ያያል፤ ይህ ቡትሎደሩ በቅርቡ የተጠቀመበት አድራሻ እንዲሆን የታሰበ ነው። እርሱ ከሌለ «ሎካል-ማክ-አድሬስ» የተባለውን፣ ቀጥሎም «አድሬስ» የተባለውን የቀድሞ ስያሜ ይመለከታል። እነዚህ ሁሉ ከሌሉ ወይም ዜሮ ብቻ ከያዙ በመጨረሻ ኤንቪሜም ወደተባለው ክፍል ይሄዳል። ኤንቪሜም እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ከርነሉ የገባ ሲሆን፣ ሥራው «ከዚህ ሜሞሪ፣ ከዚህ ስፍራ ጀምሮ፣ ይህን ያህል ባይት» የሚለውን ጥያቄ መመለስ ነው። የማክ አድራሻ ፍለጋ እስከ ኤንቪሜም የተዘረጋው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ከዚያ በፊት ኦፕን ደብልዩ አር ቲ የተባለው የራውተር ሥርዓት አዘጋጆች ለብቻቸው በሠሩት ተጨማሪ ቃል ይገለገሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ያንን ትተው ወደ ኤንቪሜም ተዛወሩ።

ይህ የሥራ ክፍፍል የሚደነቅ ነው። ድራይቨሩ አድራሻው በፍላሽ፣ በፊውዝ ወይም በሌላ ሜሞሪ መሆኑን አያውቅም፤ ማወቅም አይገባውም። የቦርዱን ጠባይ የሚያውቀው መግለጫው ነው። በሌላ በኩል የፍለጋው ተራ አንድ ወጥመድ አለው። ቡትሎደሩ በውስጡ የተጻፈ የናሙና አድራሻ ይዞ ከነበረና ያንኑ በመጀመሪያው ቃል ውስጥ አኑሮ ካስረከበ፣ ከርነሉ አድራሻ አገኘሁ ብሎ በዚያው ይቆማል። በፍላሹ ውስጥ በጥንቃቄ የተጻፈው እውነተኛው ቁጥር ጠያቂ ሳያገኝ ይቀራል። ይህን ስሕተት በድራይቨሩ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ቀኑን በከንቱ ይፈጃል።

ከሁሉ ይልቅ ረቂቅ የሆነው ጉዳይ የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ከርነል ሲነሣ ድራይቨሮች የሚቆሙበት ተራ አስቀድሞ የተወሰነ አይደለም። የኢተርኔቱ ድራይቨር ተነሥቶ አድራሻውን ሲጠይቅ የፍላሹ ድራይቨር ገና ሥራውን ያልጀመረ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ትክክለኛው መልስ «የለም» ሳይሆን «ገና ነው» ነው። ከርነሉ ለዚህ መልስ የተለየ የስሕተት ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ 517 ሲሆን፣ ትርጉሙ «ሌላው ሲዘጋጅ ተመልሰህ ሞክር» እንደ ማለት ነው። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2012 የገባ ነው። አድራሻ ፈላጊው ተግባር ግን ለብዙ ዓመታት የሚመልሰው ወይ አድራሻውን ወይ ባዶ እጁን ነበር። ባዶ እጅ ደግሞ «ገና» እና «የለም» የሚባሉትን አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2021 በተደረጉት ማሻሻያዎች ተግባሩ የስሕተቱን ቁጥር ራሱን እንዲመልስ ሆነ። ይህም ሆኖ ቁጥሩን ተቀብሎ መመርመር የእያንዳንዱ ድራይቨር ፈንታ ነው። ማናቸውንም ስሕተት እንደ «የለም» የሚቆጥር ድራይቨር ዛሬም ቢሆን ፍላሹን ሳይጠብቅ ያልፋል፤ አልፎም ለራሱ ስም ያወጣል።

ለራስ ስም ማውጣት የተባለው እንዲህ ነው። አድራሻ ያላገኘ ድራይቨር 46 ቢት በዘፈቀደ ይመርጥና፣ የቡድኑን ቢት 0፣ የቤት ስሙን ቢት 1 አድርጎ ሥራውን ይቀጥላል። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለሚደረግ ሙከራ ይህ ደግ ነገር ነው። ወደ ሥራ ለተሰማራ ዕቃ ግን ጣጣው ብዙ ነው፤ ምክንያቱም መሣሪያው በተነሣ ቁጥር ስሙ ይለወጣል። አንድ መሥሪያ ቤት 40 እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች አሉት እንበል። የመረቡ አገልጋይ የሚያድላቸው የአይፒ ቁጥሮች 200 ናቸው፤ አንዱ ቁጥር ከታደለ በኋላ ለ24 ሰዓት ተይዞ ይቆያል። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ይህ ሒሳብ አይዘልቅም። መጀመሪያ ሲነሡ 40 ቁጥር ተያዘ። መብራት 4 ጊዜ ሄዶ ሲመለስ 200ው አለቀ። በ5ኛው ጊዜ ከ40ው መሣሪያዎች አንዱም ቁጥር አያገኝም፤ አብረው የተሰኩት ኮምፒዩተሮችም አዲስ ቁጥር ይከለከላሉ። በማግሥቱ የቆዩት ቁጥሮች ሲለቀቁ ሁሉ ነገር ደኅና ይመስላል። የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ጥፋቱን በገመዱ፣ በስዊቹ፣ በአገልጋዩ ይፈልጋል። በቆጣሪው ፍላሽ ውስጥ ስላልተነበቡ 6 ባይቶች የሚያስብ ማን ነው?

የዘፈቀደው ምርጫ ራሱም ሁልጊዜ ዘፈቀደ አይደለም። ናዲያ ሄኒንገርና ሦስት ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ በኢንተርኔት ላይ ያሉ አያሌ አነስተኛ መሣሪያዎች ተመሳሳይ ወይም ዝምድና ያላቸው የምስጢር ቁልፎች ይዘው ተገኝተዋል። ምክንያቱ እነዚህ መሣሪያዎች ገና በተነሡበት ቅጽበት አንዱን ከሌላው የሚለይ በቂ የዘፈቀደ ምንጭ የሌላቸው መሆኑ ነው። የመረብ ድራይቨር የሚነሣው ደግሞ በዚያው ቅጽበት ነው።

አሁን የሞክሼዎችን ጉዳይ እንመልከት። አንድ አነስተኛ ፋብሪካ 300 መሣሪያ ሲሠራ አንዱን አስተካክሎ ያዘጋጅና የእርሱን ፍላሽ ቅጂ በ299ኙ ላይ ይጽፋል። ሥራው ፈጣን ነው። አድራሻውም አብሮ ተገልብጧል። ስዊች የትኛው አድራሻ በየትኛው ሶኬት በኩል እንደ ተናገረ እየተመለከተ በሰንጠረዥ የሚይዝ ዕቃ ነው። ሁለት ሞክሼዎች በአንድ መረብ ላይ ሲገናኙ ሰንጠረዡ የሚያምነው መጨረሻ የተናገረውን ነው። አንዱ ሲናገር መልእክቱ ሁሉ ወደ እርሱ ይዞራል፤ ሌላው ሲናገር ደግሞ ይመለሳል። የአይፒ ቁጥር አዳዩም ሁለቱን አንድ መሣሪያ አድርጎ ስለሚቆጥር ለሁለቱም አንድ ቁጥር ይሰጣል። ከውጭ የሚታየው ሥራው አንዴ የሚሄድ፣ አንዴ የሚቆም መሆኑ ነው። የሚያስቸግረው ምልክት ግን ይህ ነው፤ ሁለቱን ለየብቻ አውጥቶ ለሚፈትን ሰው ሁለቱም ፍጹም ደኅና ናቸው። በልዩ ልዩ ከተማ ቢሰቀሉም ምንም አይሰማም፤ የማክ አድራሻ ከራውተር ወዲያ አይሻገርምና። ጥፋቱ የሚገለጠው ሞክሼዎቹ በአንድ ጣራ ሥር በተገናኙ ዕለት ነው፤ እርሱም ምናልባት ዕቃው ከተሸጠ ከሁለት ዓመት በኋላ ይሆናል።

ከርነሉ የተነበበውን አድራሻ ይመረምራል፤ ምርመራው ግን ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። ሁሉም ዜሮ ነው ወይ? የቡድን ቢቱስ 1 ነው ወይ? ባዶ ፍላሽ ቢቶቹ ሁሉ 1 በመሆናቸው ለቡድን ጥያቄ ተይዞ ይወድቃል፤ ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ሆኖም በየመማሪያ ፕሮግራሙ ለናሙና የሚጻፈው 00-11-22-33-44-55 ያለ አንዳች ተቃውሞ ያልፋል።

የአጻጻፉ መልክም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አንዳንዱ ፋብሪካ አድራሻውን በ6 ባይት ይጽፋል፤ ሌላው በሰው በሚነበብ ጽሑፍ፣ በየሁለቱ ፊደል መካከል ነጥብ እያደረገ በ17 ባይት፤ ሌላውም ያለ ነጥብ በ12 ባይት ይጽፋል። በጽሑፍ የተጻፈውን እንደ ተራ 6 ባይት የሚያነብ ድራይቨር ምን ያገኛል? ያለ ነጥብ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን 6 ፊደሎች ያገኛል፤ እነርሱም የአምራቹ መለያ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሳጥኖች ሁሉ የአባታቸውን ስም ብቻ ይዘው ሞክሼ ይሆናሉ። አድራሻው በዜሮ የሚጀምር ከሆነ የዜሮ ፊደል የኮድ ቁጥር 48 ነው፤ 48 ሁለቱ ዝቅተኛ ቢቶቹ 0 ስለሆኑ የከርነሉን ምርመራ በደኅና ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኤንቪሜም በ17 ፊደል የተጻፈውንም እንዲያነብ ተደርጓል፤ እስከዚያ ድረስ ሁሉም የየራሱን መፍትሔ ይሠራ ነበር።

ከኋላ ወደ ፊት የተጻፈም አለ። ለምሳሌ በኤንኤክስፒ አይ ኤም ኤክስ 6 ቺፖች ፊውዝ ውስጥ የባይቶቹ ቅደም ተከተል የተገለበጠ በመሆኑ አንባቢው መልሶ ማዞር አለበት። ሳያዞር ቢቀር ምን ይሆናል? ለምሳሌ እንዲያገለግል ከተለየው ክፍል ውስጥ 0-0-94-0-83-16 የሚለውን አድራሻ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ እዚህ በተለመደው የአሥር ቤት አቆጣጠር ተጽፈዋል። ተገልብጦ ሲነበብ 16-83-0-94-0-0 ይሆናል። 16 ሁለቱም ዝቅተኛ ቢቶቹ 0 ናቸው፤ ስለዚህ ሙሉ ሕጋዊ መስሎ ያልፋል። ቀጣዩ ቦርድ 17 ነው፤ የቡድን ቢቱ 1 ስለሆነ ይወድቃል። 18 የቤት ስም መስሎ ያልፋል። 19 ይወድቃል። እንግዲህ ከቦርዶቹ ግማሾቹ ይሠራሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ በተነሡ ቁጥር በዘፈቀደ ስም ይጠራሉ። መሐንዲሱ በጠረጴዛው ላይ ያለው አንድ ቦርድ ሙሉ ቁጥር የደረሰው ከሆነ ሥራውን ጨርሻለሁ ብሎ ይፈርማል። የሙከራ ቦርድ ቢያንስ ሁለት፣ አንዱ ጎዶሎ አንዱ ሙሉ ቁጥር ያለው ይሁን የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

አንድ ሳጥን ከአንድ በላይ የመረብ በር ሲኖረው በፍላሹ ውስጥ የሚጻፈው መነሻው አድራሻ ብቻ ሲሆን፣ ለሌሎቹ በሮች ድራይቨሩ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይጨምራል። መደመሩ በመጨረሻው ባይት ላይ ብቻ ከተደረገ አደጋ አለው። መነሻው በ83-255 ካለቀ፣ 1 ሲጨመር ትክክለኛው ውጤት 84-0 ነው። ባለ አንድ ባይቱ ድምር ግን 83-0 ይሰጣል፤ እርሱ ደግሞ ቀደም ብሎ ለወጣ ለሌላ ሳጥን የተሰጠ ነው። ከዚህ ጋር የተያያዘው የሒሳብ ጉዳይ የገንዘብም ነው። ተቋሙ ከሚያድላቸው ክፍሎች ትንሹ 4,096 አድራሻ ነው። ለሳጥን 4 አድራሻ የሚፈጅ ፋብሪካ 1,024 ሳጥን እንደ ሠራ ያልቅበታል። ቀጣዩ ክፍል 1,048,576 አድራሻ ሲሆን ለ262,144 ሳጥን ይበቃል።

ናንድ ስለተባለው የፍላሽ ዓይነት ረጅም ንግግር አያስፈልግም። በእርሱ ላይ አንዳንድ ብሎኮች ከፋብሪካ ሲወጡም የተበላሹ ናቸው፤ ቢቶችም በጊዜ ብዛት ይገለበጣሉ። ስለዚህ «ከመጀመሪያው ይህን ያህል ባይት ርቆ» የሚለው አነጋገር የሚያዛልቅ አይደለም። የተበላሸ ብሎክ የሚዘል፣ የተገለበጠ ቢት የሚያርም ሥርዓት በመካከል ሳይኖር ከናንድ አድራሻ ማንበብ ዕጣ መጣል ነው።

ከፍላሽ ሌላ መንገድ የለም ወይ? አለ። አንዳንድ ቺፖች አድራሻቸውን በፊውዝ ይዘው ይወጣሉ፤ ፊውዝ አንዴ ከተቃጠለ አይመለስም፣ በስሕተት የሚደመስሰውም የለም። ማይክሮቺፕ የተባለው ድርጅት ደግሞ 24ኤኤ02ኢ48 በሚል መለያ የሚሸጣት ትንሽ ሜሞሪ በራሱ በድርጅቱ የተጻፈና ሊጠፋ የማይችል አድራሻ በመጨረሻዎቹ 6 ባይቶች ላይ ይዛ ትመጣለች። ጥቂት መቶ ሳጥን ብቻ ለሚሠራ ድርጅት ይህች ሜሞሪ ከምዝገባውም ከጽሕፈቱም ጣጣ የምትገላግል በመሆኗ ዋጋዋ ብዙ አይባልም። ሦስተኛው መንገድ ከቺፑ የተለየ መለያ ቁጥር በስሌት የቤት ስም ማውጣት ነው። እንዲህ ያለው ስም በዓለም መዝገብ የለም፤ ግን መብራት በሄደ ቁጥር አይለወጥም። ከነባሩ የዘፈቀደ ልማድ እጅግ የተሻለ ሲሆን ጥቂት መስመር ፕሮግራም ብቻ ይጠይቃል። ፍላሹ ባዶ በሆነበት ጊዜ ድራይቨሩ ይህንን መያዝና የያዘውንም በመዝገቡ ላይ በግልጽ መናገር ይገባዋል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ዛሬ ስልኮች ሆን ብለው አድራሻቸውን ይለዋውጣሉ፤ አንድሮይድ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ፣ አይፎንም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለየመረቡ የተለየ የቤት ስም ያወጣሉ። ታዲያ ቋሚ ስም ስለምን? ስልክ ከሰው ጋር የሚዞር ዕቃ ነው፤ ሰውየው የት እንደ ዋለ በማክ አድራሻው መከታተል ስለሚቻል መሸሸጉ ተገቢ ነው። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቆጣሪ ግን የሚሸሽገው ነገር የለውም። የእርሱ ጥቅሙ በተፈለገ ጊዜ መገኘቱ ነው። ስልኩም ቢሆን የሚያወጣውን የቤት ስም ለዚያው መረብ ይዞ ይቆያል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር አይረሳውም።

የቀረው የፋብሪካው ጠረጴዛ ነው። በብዙ ቦታ አስቀድሞ የታተመ የወረቀት ጥቅል በአንድ በኩል፣ ቁጥር አዳዩ ኮምፒዩተር በሌላ በኩል ይቀመጣሉ። አንድ ቦርድ በፈተና ወድቆ ሲጣል ኮምፒዩተሩ አንድ ቁጥር ያልፋል፤ ወረቀቱ ግን አያልፍም። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሳጥን ሁሉ የጎረቤቱን ስም በጀርባው ለጥፎ ይሄዳል። ስለዚህ ወረቀቱ መታተም ያለበት ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላ ነው፤ የሚታተመውም ከአዳዩ ኮምፒዩተር መዝገብ ተወስዶ ሳይሆን፣ ሳጥኑ ጠፍቶ እንደገና ከተነሣ በኋላ በኢተርኔቱ ገመድ በኩል ከራሱ ከሳጥኑ ተነብቦ ነው። ሊኑክስ ደግሞ ለእያንዳንዱ የመረብ በር አድራሻው ከየት እንደ ተገኘ የሚናገር አንድ ቁጥር በሥርዓት ፋይሎቹ ውስጥ ያኖራል። 0 ማለት ቋሚ ነው፤ 1 በዘፈቀደ የወጣ፤ 2 ከሌላ በር የተወሰደ፤ 3 በተጠቃሚ የተሰጠ ነው። የፈተናው ፕሮግራም ይህን ቁጥር ቢያነብ የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ሰኮንድ አይበልጥም። 1 ሆኖ ከተገኘ ሳጥኑ በካርቶን አይታሸግም፤ ወደ ጽሕፈቱ ጠረጴዛ ይመለሳል።